«ቤቶች» ያሰኘን እንግዳ

ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ በሩ አጠገብ ያለኸው፣ በሩን መለስ አድርገው፣ ነፋስ ይገባል። አትቀርቅረው ግን። ለምን እንደሆነ ስጨርስ ይገባሃል።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ሰው ቤት ስትላኩ ደጅ ላይ ቆማችሁ ምን ትላላችሁ? «ቤቶች» ትላላችሁ። ቤቱ አንድ ጎጆ፣ ነዋሪዋም አንዲት አሮጊት ብትሆን «ቤቶች» ነው የምትሉት። ማን አስተማራችሁ? እናታችሁ። እሷንስ? እናቷ። የተማሩት ሰዎች የቃሉን ምንጭ በሌላ መንገድ ይፈቱት ይሆናል፤ እነሱ የጻፉትን ያንብቡ፣ እኔ የሰማሁትን ላውራ።

በድሮ ዘመን፣ ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት ፈፋ አፋፍ ላይ፣ ጭንጫ አምባ የምትባል መንደር ነበረች። አገሩ ሞቃት ነው። ቀትር ሲሆን ሰው ሁሉ ቤቱ ይገባል፣ ዶሮዎቹ ጎተራ ሥር ይሸጎጣሉ፣ ውሻው ምላሱን አውጥቶ ይተኛል።

የጭንጫ አምባ ሰዎች ጨዋ ነበሩ። ጨዋ ስላችሁ እንደናንተ ሦስት ጊዜ ተጠርተው «እ?» የሚሉ እንዳይመስሏችሁ። ስማቸው ተጠርቶ ሳያልቅ «አቤት» ይላሉ። ጠሪን ሁለተኛ ማስጠራት በዚያ መንደር እንደ ስድብ ነበር። ልጅ አፉን ሲፈታ መጀመሪያ እማ ይላል፣ ቀጥሎ አባ ይላል፣ ሦስተኛ አቤት ይላል።

ያን ጊዜ «ቤቶች» የሚባል ጥሪ የለም። ሰው ቤት የሄደ ሰው የባለቤቱን ስም ይጠራል። ስሙን የጠራ ወዳጅ ነው፣ ይግባ ይባላል። ስም ሳይጠራ ደጅ ቆሞ የሚያስል ወይ ሌባ ነው ወይ ሰላይ ነው፤ ማንም አይወጣለትም። ሌላም ሕግ ነበራቸው። በአንዱ ደጅ ላይ የተቀመጠን እንግዳ ሌላው አይነካውም። የሰው እንግዳ መቀማት የሰው ላም ከመንዳት እኩል ነውር ነበር።

በዚች መንደር ሦስት ሰዎችን እወቁልኝ። አንደኛዋ እንጉዳይ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ እጇ ሠራተኛ፣ አፏ ቶሎ የሚቆጣ። ሁለተኛዋ ልጇ ስንዱ ናት፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ሳቅ የምትወድ፣ ቁጣ የምትፈራ። ሦስተኛው አያ ጫኔ ነው፤ ብቻውን የሚኖር ሀብታም፣ ብልጥ፣ ድስቱን ሲከድን እንጂ ሲከፍት ሰው አይቶት የማያውቅ።

አንድ ቀን በቀትር አንድ ድምፅ መጣ።

ደረቅ ድምፅ ነው። ሸማኔው ቢያድግልኝ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ሲሠራ፣ ከአጥሩ ውጭ «ቢያድግልኝ» አለው። ቢያድግልኝም «አቤት» አለ። ወጥቶ ቢያይ ሰው የለም። አቧራው ላይ ግን ሰው የተቀመጠበት የመሰለ ጎድጓዳ ነበር።

ተመልሶ ገባ። ከዚያ ወዲያ ስሙን ቢጠሩት አልሰማም። ሚስቱ ብትጠራው አልሰማም፣ ልጆቹ ቢጠሩት አልሰማም፣ ቄሱ ቢጠሩት አልሰማም። ሲያበሉት ይበላል፣ ሲያጠጡት ይጠጣል፣ ፊቱ ግን ወደ አጥሩ ነው። በሦስተኛው ቀን ቀትር ሲሆን ተነሣና ወደ ፈፋው ሄደ። ተከተሉት፤ አንዱን ዐለት ሲዞር ከዓይናቸው ጠፋ። ዱካው አንድ የድንጋይ ክምር ጋ ደርሶ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ ዱካ የለም።

ሳምንት ሳይሞላ ድምፁ «ላቀች» አለ። እመት ላቀች የመንደሩ አዋላጅ ናቸው፤ ግማሹን ሰው በእጃቸው ተቀብለውታል። «አቤት» አሉ። በሦስተኛው ቀትር ነጠላቸውን እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቀው ወደ ፈፋው ሄዱ። የሳቸውም ዱካ እዚያው ክምር ጋ ቆመ።

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። በመጀመሪያው ጥሪ አትመልሱ፣ በሁለተኛው መልሱ አሉ። ድምፁ ሁለት ጊዜ መጥራት ለመደ። በሦስተኛው መልሱ አሉ። ድምፁ ሦስት ጊዜ መጥራት ለመደ። እንግዲያው ለማንም አትመልሱ አሉ።

ያ ደግሞ የባሰ ሆነ። መንደሩ ዲዳ ሆነ። አማች መጥቶ ጠርቶ ጠርቶ ተመለሰ። ከወንዝ ማዶ መርዶ ነጋሪ መጥቶ የአንዲትን ሴት ስም ጠራ፤ መልስ ቢያጣ ሄደ። ሴትዮዋ የወንድሟን ሞት የሰማችው አርባው ከወጣ በኋላ ነው። አስቡት እስቲ፣ ወንድም ሞቶ አርባ ቀን ሙሉ ሳያለቅሱ መክረም።

በዚህ ሁሉ መካከል አያ ጫኔ ብቻ አልፈራም። ድምፁ የሁሉን ስም ሲጠራ የእሱን ስም አንድ ቀን ጠርቶት አያውቅም። ይህን ሲያይ አንድ ነገር በአንገቱ አንጠለጠለና ክታብ አለኝ፣ በቀትር ግቢዬ የተቀመጠ ሰው አይነካም ብሎ አስወራ። ሰዎችም ቅቤ ይዘው መጡ፣ ማር ይዘው መጡ፣ ጠቦት ይዘው መጡ። እሱም ከቤቱ ጥላ ሥር አስቀመጣቸው። በአፉ ለናንተው ብዬ ነው ይላል፣ በሆዱ ከራስ በላይ ነፋስ ይላል።

እንጉዳይ ቅቤም የላት፣ ማርም የላት፣ ጠቦትም የላት። ከልጇ ጋር ቤቷ ትውላለች።

አንድ ጠዋት እንጉዳይ ከጓሮ ሆና ልጇን ጠራቻት። ስንዱ የሽማግሌዎቹን ትእዛዝ አስባ ዝም አለች። እንጉዳይ መጣችና ጆሮዋን ይዛ ቆነጠጠቻት። እናትሽ ስትጠራሽ ዝም ትያለሽ ወይ፣ የኔን ድምፅ ከዚያ ነገር መለየት ያቅትሻል ወይ ብላ ተቆጣቻት። ልጅቱ አለቀሰች። እንጉዳይም በሆዷ ተጸጽታለች፤ ግን ሥራ ነበረባትና ሳታባብላት ወጣች።

ቀትር ሆነ። እንጉዳይ ከጓሮ እንጨት ትፈልጣለች፣ ስንዱ ደጃፍ ላይ ምስር ትለቅማለች። «ስንዱ» አለ ድምፁ። ቆየ። «ስንዱ» አለ። ቆየ። «ስንዱ» አለ። የተቆነጠጠው ጆሮዋ ገና ያቃጥላታል። እማዬ ትሆን እንዴ ብላ ሠጋች፤ ዳግመኛ እንዳትቆጣት ብላ «አቤት» አለች።

እንጉዳይ ያቺን አቤት ሰማች። መጥረቢያውን ጥላ ሮጠች። ምስሩ ሰፌዱ ላይ አለ፣ ልጅቱም አለች፣ ዓይኗ ግን አጥሩ ላይ ነው። «ስንዱ» አለቻት። «ስንዱዬ» አለቻት። «የኔ እናት፣ ስንዱ» አለቻት። ልጅቱ አልሰማችም። ያን ጊዜ እንጉዳይ እጆቿን ራሷ ላይ ጭና ቁጭ አለች። ለልጇ የቀራት ሦስት ቀትር ነው፤ ያቺንም አቤት ቆንጥጣ ያስተማረቻት ራሷ ናት።

በመጀመሪያው ቀትር ደጇ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ዶሮዎቹ ዝም አሉ፣ ውሻው ጅራቱን ሸጎጠ። ልጄን መልስልኝና እኔን ውሰደኝ ብላ ለመነችው። ድምፁ አልመለሰላትም። የጎረቤቷን ስም ጠርቶ አለፈ።

በሁለተኛው ቀትር ተከተለችው። አይታይም፤ ያረፈበት አፈር ግን ይጎደጉዳል። በየደጁ እየቆመ ስም ጠራ። በመጨረሻ አያ ጫኔ ደጅ፣ ከቅንጭቡ አጥር ሥር ደረሰና ዝም አለ። እንጉዳይ ቀርባ አዳመጠች። «እህ» የሚል ደረቅ ሳል ሰማች። ቆይቶ ደግሞ «እህ» አለ። የበሩን እንጨት አንድ ነገር ጫር ጫር አደረገው። ከውስጥ ሰዎቹ ከጥላው ሥር ተኮራምተዋል፤ ጫኔ ክታቡን እያሻሸ ፈገግ ይላል።

እንጉዳይ ቅንጭቡን አየችው፣ ከሥሩ የጎደጎደውንም አፈር አየችው። ያን ቦታ ታውቀዋለች።

ባለፈው በጋ፣ በዚሁ ሰዓት፣ እንስራ ሙሉ ውሃ አዝላ በዚያ ስታልፍ አንድ መንገደኛ ቅንጭቡ ሥር ተቀምጦ ነበር። ከንፈሩ ተሰንጥቋል። እንስራዋን አየ፣ እሷን አየ፣ መናገር አቃተው። እሷም የጫኔ እንግዳ ነው፣ የሰው እንግዳ መቀማት ነውር ነው ብላ አለፈች። ከዚያ ወዲያ ትዝም አላላት።

ቀትሩ አልፎ ሰው ሲበተን ወደ ጫኔ ገባች።

«አያ ጫኔ፣ ባምና በጋ ደጅህ ላይ የተቀመጠው እንግዳ የት ደረሰ?»

«የምን እንግዳ?»

«እኔ ውሃ አዝዬ ሳልፍ ያየሁት።»

ጫኔ ክታቡን ማሻሸት ተወ። «ስሜን አልጠራም» አለ። «እህ ይላል፣ በሩን ይጭራል። ስሜን ቢጠራኝ አቤት እል ነበር።»

«ስምህን በምን ይወቀው? አገሩ አይደለም።»

ጫኔ ሁሉን ተናገረ። ያን ቀን የጠቦት ሥጋ ጥዶ ነበር። ሰው ገብቶ እንዳይካፈለው ትንፋሹን ውጦ ተቀመጠ። መንገደኛው ወደ ሌላ ደጅ የሚሄድበት ጉልበት አልቀረለትምና እዚያው ቅንጭቡ ሥር ዋለ። እዚያው ሆኖ መንደሩ እርስ በርሱ ሲጠራራ ሰማ። ቢያድግልኝ ሲባል ሰማ፣ ላቀች ሲባል ሰማ፣ ስንዱ ሲባል ሰማ። የሁሉን ስም ተማረ። የሚፈልጋትን አንዲት ስም፣ የጫኔን፣ ግን ያን ቀን ማንም አልጠራትም። ፀሐይ ስትጠልቅ ጫኔ ቢወጣ ሰውየው ደርቋል። ለማንም ሳይናገር ፈፋው ድረስ ጎትቶ ድንጋይ ከመረበት።

እንጉዳይ አልጮኸችም። «እኔም አልፌዋለሁ» አለችው። «አንተ ድስትህን ከደንክ፣ እኔ እንስራዬን አዝዬ አለፍኩ። ነገ በቀትር ቤትህን ክፈት። አለዚያ ያንን ክታብ በሰው ፊት እፈታዋለሁ።» ክታቡ ውስጥ የባቄላ ገለባ ብቻ እንዳለ ጫኔ ያውቃል። እሺ አለ።

በማግስቱ መንደሩ ሁሉ ጫኔ ቤት ውስጥ ተሰበሰበ። እንጉዳይ ነገሩን አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው፤ የጫኔንም የራሷንም። ብዙዎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ያን ቀን በዚያ ያለፈች እሷ ብቻ አልነበረችም። አንድ አፍ ሲመልስ አንድ ሰው ይወሰዳል፣ ሁላችን ባንድ አፍ ብንመልስ ግን ማንንም ነጥሎ መውሰድ አይችልም፣ እንግዳችን ይሆናል አለቻቸው። የማንም ስም የሌለበት ጥሪ ስትሰሙ አብራችሁ ይግቡ በሉ ብላ አስጠንቅቃ ወጣች።

የጫኔ ደጅ ላይ ያስቀመጠቻት ስንዱ ተነሥታ ቆማለች። ፊቷ ወደ ፈፋው ነው። እንጉዳይ መቀነቷን ፈትታ አንዱን ጫፍ በልጇ ወገብ፣ ሌላውን በራሷ ወገብ አሰረችው። ልጅቱ ስትራመድ እንጉዳይ እግሯን ደጁ ላይ ተከለች። የምትስባት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አትመስልም፤ ጥማድ በሬ የሚጎትታት ይመስል ነበር።

ዶሮዎቹ ዝም አሉ። ከቅንጭቡ ሥር አፈሩ ቀስ ብሎ ጎደጎደ። «እህ» አለ።

እንጉዳይ ወደ ጎድጓዳው ዞረች። «ወንድሜ» አለችው፣ «ስም አታውቅም፣ ያስተማረህም የለም። ከእንግዲህ ሰው ደጅ ስትደርስ የማንንም ስም አትፈልግ። ጌታውም ይስማ፣ እመቤቲቱም ትስማ፣ ጓዳ ያለውም ይስማ። ቤቶች በል።»

ከአጠገቧ፣ አቧራ የሞላው ጉሮሮ «ቤ... ቶች» አለ።

ከውስጥ ትንፍሽ ያለ የለም። ሰው ናቸውና ፈሩ። ስንዱ አንድ እርምጃ ወደ ፈፋው ሄደች፣ መቀነቱ ተወጠረ።

«ቤቶች» አለ ሁለተኛ። አሁንም ዝም። ስንዱ ሁለተኛ እርምጃ ሄደች፣ መቀነቱ መተርተር ጀመረ።

በሦስተኛው ድምፁና እንጉዳይ አብረው «ቤቶች» አሉ። እሷ እያለቀሰች ነበር፤ እሱም የሚያለቅስ ይመስል ነበር። ያን ጊዜ ያቺ የወንድሟን መርዶ ከአርባ ቀን በኋላ የሰማችው ሴት የጎረቤቷን እጅ ያዘች። ጎረቤቷም የሌላውን ያዘች። ቤቱም ባንድ አፍ «ይግቡ» አለ።

በሩ ተከፈተ፤ የከፈተው ሰው የለም። ወለሉ ላይ አቧራ የለበሰ የእግር ምልክት አንድ በአንድ እየታተመ እስከ መደቡ ሄደ። መደቡ ላይ የተነጠፈው አጎዛ ሰው እንደ ተቀመጠበት ዝቅ አለ። ያቺው ሴት በቅል ውሃ ቀድታ ከፊቱ አስቀመጠች። ቅሉን የነካው እጅ የለም፣ ውሃው ግን ጎደለ፣ ጎደለ፣ አለቀ። ሁለተኛ ቀዳች፣ አለቀ። ሦስተኛ ቀዳች፣ አለቀ። ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ድምፁ ርሷል። ተራ የሰው ድምፅ ነበር፤ ሰዎቹን ከሁሉ የባሰ ያስፈራቸውም ይኸው ነው።

ደጅ ላይ መቀነቱ ረገበ። እንጉዳይ ለመጥራት ፈራች። ቀስ ብላ፣ በሹክሹክታ፣ «ስንዱ» አለች።

«አቤት እማዬ» አለች ልጅቱ።

እንጉዳይ ከዚያ ቀን በኋላ ልጅ ቆንጥጣ አታውቅም። ሸማኔው ቢያድግልኝና እመት ላቀች ግን አልተመለሱም። ተረቱ በአፌ ነው፣ ልመልሳቸው እችል ነበር፤ ውሸት አይሆንልኝም። ኋላ ሰዎች መንገደኛውን በወግ ሊቀብሩት ሄደው የድንጋዩን ክምር አፍርሰዋል። ከሥሩ ያገኙት አንድ ሰው ብቻ ነው።

ቆይ፣ ገና አላለቀም። እንግዳው ጠጥቶ ሲያበቃ ምን ጠየቀ መሰላችሁ? «የቤቱ ጌታ ማን ናቸው? ልመርቃቸው» አለ።

ሁሉም ወደ ጫኔ አዩ። ጫኔ ከምሰሶው ጀርባ ቆሟል። ሌላው ሁሉ ይግቡ ሲል እሱ ብቻ አፉን ዘግቶ ነበር። ስሜን ካወቀ ይጠራኛል ብሎ አሰበና ድምፁን ለውጦ «ጌታው የሉም» አለ።

«እንግዲያው እስኪመጡ እጠብቃቸዋለሁ» አለ እንግዳው።

ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ጫኔም ወጣ። ቆየት ብሎ ተመልሶ በሩን ሲገፋ ከውስጥ «ማነው?» አለው። ጫኔ አልመለሰም። በማግስቱ መጣ፤ «ማነው?» አለው። በሠልስቱም መጣ፤ «ማነው?» አለው። ቅቤው ውስጥ ነው፣ ማሩ ውስጥ ነው፣ ጎተራው ግቢው ውስጥ ነው። ባለቤቱ ግን በገዛ ደጁ፣ ከቅንጭቡ ሥር፣ አፈሩ ላይ ተቀመጠ።

እንጉዳይ እንስራዋን አዝላ በዚያ ትመላለሳለች። አሁን አታልፍም። ታወርዳለች፣ በቅል ቀድታ ታጠጣዋለች። ከእኛ ቤት ዋል ብትለው እምቢ አላት፤ ዓይኑን ከቤቱ መንቀል አልቻለም። ክረምቱ አለፈ፣ በጋው ገባ፣ ጫኔ እዚያው ነው።

አንድ ቀትር ስንዱ ከሩቅ ሆና አየችው። ጫኔ ተነሣ፣ ልብሱን አራገፈ፣ በሩ ፊት ቆሞ «ቤቶች» አለ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ። «የቤቱ ጌታ። ጫኔ።»

ከውስጥ ያ ድምፅ በዝግታ «ጫኔ» አለው።

«አቤት» አለ ጫኔ። ምን ያድርግ፣ እሱም የጭንጫ አምባ ልጅ ነው። በሩ ተከፈተለት፣ ገባ። ሲወጣ ያየው ሰው የለም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ «ቤቶች» የምንለው ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል። ስም የማያውቅ ሰው የሚጠራው እንዳያጣ ነው። ከውስጥም ያለው ሁሉ፣ ከጌታው እስከ ሕፃኑ፣ የሰማ ሁሉ ይመልሳል፤ አንዱ ድስቱን ከድኖ ዝም ቢል ሌላው እንዲሰማ ነው። ትምህርቱ ይህ ነው፤ ደጅህ ላይ የቆመን ሰው ከስሙ በፊት ጥሙን ጠይቀው። የማን እንግዳ ነው እያልክም አትለፈው፤ ያየኸው ቀን ያንተም ነው።

ያ ቤት ዛሬ ፍርስራሽ ነው፣ ቅንጭቡ ግን አለ። በቀትር በዚያ ብታልፉ «ቤቶች» እንዳትሉ። አንዱ ከውስጥ በትሕትና «ይግቡ» ይላል። ሌላው ከእሱ ቀጥሎ «አቤት» ይላል።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። ውሃ የሚያቀብለኝ ማነው? አንድ አንድ እያላችሁ አይደለም። ባንድ አፍ መልሱልኝ።